ልጅ መጠበቅ

ኢንጂነሪንግ የተማረ ወንድ ልጅ ሲጠብቅ ከዋለ መካነ ሰላም ላይ ወሬ ነው። እኔ አሥር ወር ያህል ያ ወሬ ነበርኩ። “ኮምፒውተር ተምሮ፣ አዲስ አበባ ስንት ዓመት ሠርቶ፣ አሁን ከሕፃናት ጋር ሰሌን ላይ ቁጭ ብሎ ቆርኪ ይቆጥራል” ይባል ነበር። ወሬው እውነት ነው። ሰሌን ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቆርኪም ቆጥሬያለሁ። ወሬው የዘለለው አንድ ነገር ቢኖር ቆርኪ መቁጠር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ 2015 ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ፣ ለሁለት ሳምንት ብዬ ሄድኩ። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ የሚገባ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከእሷ አልፋችሁ ብትቀጥሉ መሬቱ እየወረደ፣ እየወረደ አባይ ሸለቆ ይገባል። በዚያው ክረምት በክልሉ ግጭቱ ተፋፋመ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። እኔ የምኖረው ከርቀት በምጽፈው ኮድ ነበር። ኢንተርኔት የሌለው ፕሮግራመር ምን ይሠራል? ላፕቶፑን ዘግቶ እናቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

ከእናቴ ቤት ቀጥሎ የሚኖሩት ሴትዮ የዜሮ ክፍል መምህርት ናቸው። ልጆቹ “እትዬ” ይሏቸዋል፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ዜሮ ክፍል ማለት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለችው የአንድ ዓመት ክፍል ናት። ኬጂ በሌለበት ቦታ ሁሉ ኬጂ እሷ ናት።

ያን ዓመት ትምህርት ቤት አንድ ሳምንት ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ወላጅ ግን አይዘጋም። ገበያ መውጣት አለበት፣ ቢሮ መግባት አለበት፣ አጨዳም ይደርሳል። ስለዚህ ልጆቹ አንድ በአንድ እትዬ ግቢ መዋል ጀመሩ። መስከረም ላይ 5 ነበሩ። ጥቅምት ሳያልቅ 19 ሆኑ፤ ትንሿ 4 ዓመቷ፣ ትልቁ 10። ትንንሾቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋቢ ተጠቅልለው ይመጣሉ። ትልልቆቹ ትምህርት ያለ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ፣ የሌለ ቀን ደግሞ ከጠዋት ይገባሉ። ክፍያው እንደ አቅም ነው፦ አንዷ እናት ሽሮ፣ አንዱ አባት ጭራሮ፣ አንዷ በወር 50 ብር፣ አንዳንዱ ምርቃት።

አንድ ቀን እትዬ በአጥር በኩል ጠሩኝ። “ልጄ፣ አንተ መቼም ሥራ የለህም፤ ና እስቲ ፊደል አስቆጥርልኝ።” ሄድኩ።

*

ፊደል ማስቆጠር ቀላል ይመስላል። ዱላ ቢጤ ይዘህ ገበታው ላይ ትጠቁማለህ፣ እነሱ ይጮኻሉ፦ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ። 33 ፊደላት በሰባት በሰባት፣ 231። ልጆቹ ዜማውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንዷ ሰማያዊ ሹራብ የምትለብስ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ፊደል የጨረሰች ነው የምትመስለው።

በሁለተኛው ቀን ለብቻዋ ጠርቼ “ሙ የቷ ናት?” አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ጣቷም ገበታው ላይ ይሄዳል። ከሀ ተነሳች፤ ለን ጨረሰች፤ ሐን ጨረሰች፤ መ ላይ ደርሳ አንድ ወደ ቀኝ ተራመደችና “አገኘኋት!” አለች። ሙ ከመጀመሪያው ስትቆጠር 23ኛ ናት። ልጅቷ 22 ቤት አንኳኩታ ነው የደረሰችው።

በእኛ ሙያ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ዕቃው የት እንዳለ የማታውቅ ፕሮግራም ዝርዝሩን ከራሱ ጀምራ አንድ በአንድ ትፈትሻለች። ውጤቱ ትክክል ነው፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ልጅቷ ፊደሏን በመልኳ አታውቃትም፤ በአድራሻዋ ነው የምታውቃት። ዜማው እንደቆመ አድራሻው ይጠፋል። “ሙዝ” የሚል ቃል ብትጽፉላት ለአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ከሀ ልትነሳ ነው።

ማታውኑ የብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆራርጬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፍኩና ጠዋት በርዤ አቀረብኩላቸው። እትዬ አይተው ሳቁ። “አቡጊዳን ፈጠርኩ ልትለኝ ነው እንግዲህ?” አሉኝ።

ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ እንደሚቆጥር በስም አውቃለሁ። ለምን እንደሚቆጥር ግን አስቤ አላውቅም ነበር። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፦ እያንዳንዷ ፊደል ከሌላ ቤት ናት፣ እያንዳንዷም በሌላ ድምፅ። ረድፉም ዓምዱም አብሮ ይዘላል። በሀሁ ዜማ ተንሳፎ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ መልኳን ካላወቃት አይነበብለትም። የኔታዎች ዜማውን ማወቅና ፊደሉን ማወቅ ሁለት ነገር መሆኑን ደርሰውበት፣ መፍትሔውንም ገበታው ላይ ጽፈውት ቆይተዋል። ከልጆቹ አንዱ ቁርኣን ቤት የሚሄድ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሉህ ላይ በቀለም ጽፎ፣ አንብቦ፣ አጥቦ፣ እንደገና መጻፍ የለመደ ነው። ካርቶኖቹን ሳቀርብ ከሁሉም ቀድሞ የገባው እሱ ነው። የተጻፈ ነገር እንደሚነሣና እንደሚቀየር እጁ ያውቃል።

ይሄ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በክፍላቸው ደረጃ ከተዘጋጀ ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ክፍል ተቀምጠው፣ ሁለት ዓመት ጮኸው ቆጥረው። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። የሰማያዊ ሹራቧን ልጅ ጣት እንዳየሁት ጣታቸውን ያየላቸው ሰው አልነበረም። 60 ልጅ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚያዜም አይታወቅም። ለማወቅ አንዱን ልጅ ለብቻው አጠገብህ አስቀምጠህ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቀህ፣ ዝም ማለት አለብህ።

ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

*

ኅዳር ላይ የልጆቹ ጨዋታ ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልሞሽ፣ ዕቃቃ ነበር። አንድ ቀን ግን ወንዶቹ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ገመድ አምጥተው የግቢው መተላለፊያ ላይ ወጠሩ። “ቁም! መታወቂያ!” የ6 ዓመቱ ኮማንደር እንጨት ትከሻው ላይ አድርጓል። ዕቃቃ የሚጫወቱት ቅጠል እንጀራቸውን ይዘው ማለፍ አልቻሉም። አንዷ አለቀሰች።

ገመዱን ልሰበስበው ብድግ ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱና ወረፋ ያዙ።

“መታወቂያ!” አለ ኮማንደሩ።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰጡት። አገላብጦ አየው።

“ምን ይዘሻል?”

“ዱቄት ነው። ልጆቼ ርቧቸው።”

“ወዴት ነው?”

“ወደ ቤቴ። ግን ጉልበቴ ደክሟል። የናንተ ኬላ መቀመጫ የለውም እንዴ?”

ልጁ ግራ ገባው። እሱ ባየው ኬላ እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም። አሰበ፣ አሰበና ሄዶ ድንጋይ አመጣላቸው። በማግሥቱ ኬላው አራት ድንጋይ ነበረው። በሦስተኛው ቀን ከዕቃቃዎቹ አንዷ “ለደከማቸው” ብላ በቆርኪ ሻይ ማቅረብ ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ገመዱ እንዳለ ሆኖ ኬላው ሻይ ቤት ሆነ። ኮማንደሩ አሁንም መታወቂያ ይጠይቃል፤ ከዚያ “ስንት ስኳር?” ይላል።

ማታ ልጆቹ ሲሄዱ ገመዱን ለምን እንዳላስጣሏቸው ጠየቅኳቸው። “ያዩትን ካልተጫወቱት የት ያደርሱታል?” አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም። እትዬ ደሴ መምህራን ኮሌጅ ሠልጥነዋል፤ ያን ቀን ያደረጉት ነገር በመማሪያ መጽሐፍ ስም ይኖረዋል። እኔ ያየሁት ግን አንዲት ሴት ገመድ ፊት ቆማ፣ ጨዋታውን ሳታፈርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ስትጨምር ነው። በኮድ ቋንቋ ካሰብነው የተጻፈውን ሁሉ ሰርዞ ከዜሮ መጀመር ቀላል ነው። ያለው ሳይበላሽ አንዲት መስመር ጨምሮ የሚያመጣውን ውጤት መለወጥ ግን የጌታ ሥራ ነው።

*

ታኅሣሥ ላይ ሰማያዊ ሹራቧ ማንበብ ጀመረች። የምታገኘውን ሁሉ ታነባለች፦ የሳሙና ወረቀት፣ የዘይት ጀሪካን፣ የሱቅ በር። አንድ ቀን የበዓል ካርድ ይዛ መጥታ “ገና” የሚለውን አላልታ አነበበችና “ምኑ ነው ገና?” አለችኝ። አልደረሰም፣ ይቆያል እንደሚባለው ገና። ቃሉ ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ “ይቆያል” እንደሚሆን ነገርኳት። ተናደደች። “ታዲያ ፊደሉ ለምን አንድ ሆነ?”

ጥሩ ጥያቄ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኋላም ፊደል እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ምልክት ተጨምሮለታል፣ ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጥ ሁለት ነጥብ። ማለትም ኮምፒውተሩ ማጥበቂያ አለው። እኛ ስንጽፍ ግን አንጠቀምበትም። አንባቢው ከዐውዱ እንዲያውቅ እንተወዋለን። ለልጅቷ የነገርኳት በአጭሩ ይሄን ነው፦ “ፊደሉ ሁሉን አይነግርሽም፤ ዙሪያውን አይተሽ ታውቂያለሽ።” ካርዱ ላይ ያለውን የዛፍና የሻማ ሥዕል አየች። “እሺ፣ በዓሉ ነው” አለች። ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ቃል ሁሉ እያጠበቀችና እያላላች ስትሞክር ሰነበተች፤ “አለ” እና “ዋና” ላይ በጣም ስቀናል።

ልጅም እንደዚያው ነው መሰለኝ። ላዩ ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ ጠብቆ ይሁን ላልቶ ዙሪያውን ሳታይ አታውቅም። “ዝምተኛ ነው” የተባለ ልጅ ሊፈራ ይችላል፣ ሊራብ ይችላል፣ ጆሮው ላይሰማ ይችላል፣ ወይም በቃ እያሰበ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ልጅ ነበረን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከእናቱ ጋር ከአባይ ማዶ መጣ፣ የ7 ዓመት ልጅ። ሦስት ወር ቃል አልተነፈሰም። አንዳንድ ወላጆች “ድዳ ነው እንዴ?” ይሉ ነበር። እትዬ አንድም ቀን “ተናገር” አላሉትም። የሰጡት ሥልጣን ነው፤ ቆርኪ ያዥ አደረጉት። በጣሳ ያለውን ቆርኪ ጠዋት ያድላል፣ ማታ ይሰበስባል። የጎደለ ካለ ሳይናገር ሄዶ ያ ልጅ ፊት ይቆማል፣ ልጁም ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠዋል። እኛ ሁለታችን ማታ ማታ አብረን እንቆጥራለን፤ እሱ በዓይኑ፣ እኔ በድምፅ። አንድ ቀን ከ37 ወደ 39 ዘለልኩ። እጄን ያዘው። መቁጠር እንደሚችል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ መቶ ይችላል። ወሬኞቹ “ቆርኪ ይቆጥራል” ያሉኝ ይህን ነው።

የካቲት ላይ አንድ ከሰዓት እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ልጆቹ የራሳቸውን ይፈጥራሉ። ሰማያዊ ሹራቧ ወደ ቆርኪ ያዡ ዞረች።

“እንቆቅልሽ!”

ሁልጊዜ እሱን ዘለው ያልፋሉ። ያን ቀን እሷ አላለፈችም። ሌሎቹ በእሱ ፈንታ “ምን አውቅልሽ” አሉ።

“ሲርበው ቀይ፣ ሲጠግብ አረንጓዴ!”

ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ነው፤ ሁሉም አውቋል። ልጁ ዝም አለ።

“አላወቅክም! አገር ስጠኝ!”

እንቆቅልሽ ያልፈታ አገር ይሰጣል፤ ሕጉ ነው። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ደሴን ይሰጣሉ፣ አዲስ አበባን ይሰጣሉ፤ መካነ ሰላምን የሰጠ ልጅ ግን አላየሁም። ግቢው ጸጥ አለ። እኔ ልናገርለት አፌን ስከፍት እትዬ በጣታቸው ዝም አሉኝ። እንጃ፣ አንድ ደቂቃ ይሆናል። በልጆች መሀል አንድ ደቂቃ ዝምታ በጣም ረጅም ነው።

“ድልድዩን” አለ።

ድምፁ ጎርነን ያለ ነበር። ማንም ስለ ድምፁ አላነሳም፤ ክርክሩ ሌላ ነው። “ድልድይ አገር አይደለም!” “ነው!” “አይደለም! ሰው አይኖርበትም!” ወደ እትዬ ዞሩ። “ሰው ያልፍበት የለ? ይቆጠራል” አሉ እትዬ። ሰማያዊ ሹራቧ ስጦታዋን ተቀበለች፤ ድልድዩ ላይ ሄዳ ምን እንደበላችና እሱን ምን እንዳበላችው ነገረችን፤ ተሳቀ፤ ተራው ወደ ሌላ ልጅ አለፈ።

አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ቃል አለው። አንድ ሰው እስኪመጣ መቆየትም፣ አንድ ነገር እንዳይጎዳ ዘብ መቆምም “መጠበቅ” ነው። “ልጅ ጠባቂ” ስንል ሁለተኛውን ብቻ ነው የምናስበው፤ ልጁ እንዳይወድቅ፣ እሳት እንዳይነካ። እትዬ ያን ሦስት ወር የሠሩት ግን የመጀመሪያውንም ነው። ልጁ ራሱ እስኪመጣ ጠበቁት።

*

“አምስት ዓመት ተምረህ ልጅ ትጠብቃለህ?” የሚለው ጥያቄ ለእኔ ብቻ የተጠየቀ አይደለም። ጥያቄው ውስጥ ልጅ መጠበቅ ሥራ አይደለም የሚል ነገር አለ። በአገራችን ልጁ ባነሰ ቁጥር የሚያስተምረው ሰው ክብርና ደመወዝ አብሮ ያንሳል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር “ዶክተር” ነው፣ ሃይስኩል የሚያስተምር “መምህር” ነው፣ የ4 ዓመት ልጅ የሚያስተምር “ሞግዚት” ነው። ሥራው ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ሴቶች መሆናቸውም የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ እናቶች በነፃ የሚሠሩት ነገር ስለሆነ ማንም ሊሠራው የሚችል ይመስለናል።

ወረቀት ላይ ብዙ ተጽፏል። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ዜሮ ክፍል የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ቅድመ አንደኛ ትምህርት የሚያገኘው ልጅ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሰባት ስምንት ዓመት ሳይሞላ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ተጠግቷል። ትልልቅ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ትንንሾች በጨዋታ የሚያስተምሩበት “ከልጅ ለልጅ” የሚባል ዘዴም የማዕቀፉ አካል ነው። እትዬ ግቢ የ10 ዓመቱ ልጅ ለ5 ዓመቷ ጫማ ሲያስር እያስቆጠራት የነበረው እሱ ነው፤ ስሙን ባያውቀውም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት አስቀምጧል።

ከዚያ በታች ላሉትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ጥሩ ነው። ግን ከ91ኛው ቀን ጀምሮ ልጁ 1ኛ ክፍል እስኪገባ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት፣ ማሳ ላይ የምትውል እናት፣ ልጇን የት ታድርገው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ እህት ናት። ታላቅ እህት ልጅ ስትጠብቅ ከትምህርት ትቀራለች። የአንዱን ልጅ ጥበቃ በሌላዋ ልጅ ትምህርት ነው የምንከፍለው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በጣም የምወደው አንድ ታሪክ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የ“ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ” መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ ድርጅቱ ወንጪ እና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች የሞቶሮላ ታብሌቶችን በካርቶን እንደታሸጉ ትቶ ሄደ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ለመክፈት አንድሮይዱን ሰብረው ገቡ። ዶርም ውስጥ ይህን ያነበብን ቀን እንዴት እንደኮራን! “ያለ አስተማሪ!” እያልን።

ዛሬም እኮራለሁ። የኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ብልህ ነው፤ ይህን ማረጋገጫ አያስፈልገውም ነበር። ግን ታሪኩን አሁን ሳስበው “ያለ አስተማሪ” የሚለው ላይ እቆማለሁ። ታብሌት ፊደል ሊያሳይ ይችላል፣ ዘፈን ሊያሰማ ይችላል፣ ስህተት ሲነካ “ጢው” ሊል ይችላል። ሰማያዊ ሹራቧ ብትጫወትበት ኖሮ ሙን ታገኛት ነበር፤ ከሀ ተነስታም ቢሆን። ታብሌቱም “ጎበዝ!” ይላታል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ግን አያይም። ኬላው ፊት ወረፋ አይዝም። አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ኮድ ውስጥ “በ10 ሰከንድ ካልመለሰ ወደ ሚቀጥለው እለፍ” ብዬ ጽፌያለሁ።

መሣሪያ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተባለችውን የቀጭኔ አሻንጉሊት ፕሮግራም ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ከመሥራቾቿ አንዷ ብሩክታዊት ጥጋቡ ቴሌቪዥን ከመሥራቷ በፊት የሕፃናት መምህርት ነበረች። ክፍል ውስጥ ቆይቶ የወጣ ሰው የሠራው ነገር ያስታውቃል። እኛ ግን አፑን ቀድመን እንሠራና ልጆቹን በኋላ እንፈልጋለን።

*

ግንቦት 2016 ላይ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ገንዘብ አልቆብኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እትዬ አልለመኑኝም፤ እኔም ሥራዬን ትቼ ልቅር አላልኩም። የመጨረሻው ቀን ቆርኪ ያዡ ጣሳውን አምጥቶ አስቆጠረኝ። 112። ከዚያ አንዱን መልሶ ሰጠኝና “111” አለ።

ከሄድኩ በኋላ ነገሩ አልቀለለም። በ2017 ዓ.ም. የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች በተደጋጋሚ እንደገለጹት በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ። 4 ሚሊዮን ቁጥር ሆኖ ሲነገር አይያዝም። እኔ የምይዘው 19ኙን ነው። 7 ዓመቱ ላይ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ሲከፈት 9 ወይም 10 ይሆነዋል፤ ከትንንሾች ጋር ሀሁ ሊቆጥር ያፍራል፣ ከእኩዮቹ ጋር ማንበብ አይችልም። ሴት ከሆነች ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ነገር ብዙ ጊዜ ደብተር አይደለም። በዚህ መሀል ሰሌን ዘርግቶ፣ ካርቶን ቆርጦ “ኑ” የሚል አንድ ሰው በአንድ ሰፈር ካለ፣ ልጆቹ ቢያንስ ፊደሉ እንደማያሳድዳቸው ያውቃሉ። እትዬ ያለ ደብዳቤና ያለ ማኅተም የያዙት ይህን በር ነው። እኔ በነበርኩበት ቦታ አሁን የ10ኛ ክፍል ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ሁለት ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። በወር ትንሽ ነገር እልክላቸዋለሁ፣ ከደመወዝ የማይቆጠር። ሌላው ጓደኛዬ ካርቶንና መቀስ ይልካል።

አሁን ሥራ ቦታ ሰዎች ሲቪዬ ላይ ያለውን የአሥር ወር ክፍተት ያዩና ይጠይቃሉ። “ምን ትሠራ ነበር?” “ልጅ እጠብቅ ነበር” እላለሁ። ይስቃሉ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። አንዳንዴ አስረዳለሁ፣ አንዳንዴ እተወዋለሁ። አዲስ ጁኒየር ሲቀጠር ግን እኔ ጋ ይልኩታል፤ “ቶሎ አትቆጣም” ይሉኛል። ጥያቄ ጠይቄ ዝም ማለት የት እንደተማርኩ አያውቁም።

ከእትዬ ጋር በአጭር መልእክት እንጻጻፋለን። ባለፈው ኅዳር “መቼ ነው የምትመጣው? ልጆቹ ይጠይቁሃል” ብለው ጻፉልኝ። ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ በአንድ ቃል መለስኩ፦

“ገና።”

መልሳቸው ወዲያው መጣ።

“ጠብቆ ነው ላልቶ?”